የአንገር ወባ

ልጅ እያለሁ መዋሸት አልችልም ነበር። ጨዋ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ አፌ ነው ከኔ የሚቀድመው። እማዬ «የዚህች ልጅ ሆድ ወንፊት ነው፤ የገባበት ሁሉ ይወጣል» ትላለች። ጎረቤት ስኳር ሊበደር መጥቶ እማዬ «አልቋል» ስትል፣ እኔ «ኧረ ቁም ሳጥኑ ላይ አለ!» የምል ልጅ ነበርኩ። በዚህ ምክንያት ስንት ቁንጥጫ በልቻለሁ። እንግዲህ እንዲህ ያለችዋን ልጅ ነው በአሥራ አንድ ዓመቷ ትልቅ ውሸት አሸክመው ወደ ትምህርት ቤት የሰደዷት።

ወንድሜ ደረጀ በሃያ ሁለት ዓመቱ ራሱን አጠፋ። እንዴት እንደሆነ አልጽፍም፤ ማወቁ ለማንም አይጠቅምም። የምጽፈው ከዚያ በኋላ ቤታችን ስለሆነው ነው።

ቤታችን ነቀምት፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ነው። የኔ እኩዮች የዚያን ጊዜውን ዝናብ ታስታውሱታላችሁ። ቀዩ ጭቃ ከጫማችን ሥር እየተለጠፈ፣ ትምህርት ቤት ስንደርስ ሁላችንም ግማሽ ስንዝር ረዝመን እንገኝ ነበር። ክፍሉ እርጥብ ሹራብና ጠመኔ ይሸታል። ከሰዓት በኋላ ሲያባራ የእናቶቻችንን አሮጌ ስቶኪንግ ቀጣጥለን ሱዚ እንዘላለን፤ ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ ጉልበት፣ ወገብ፣ ብብት፣ አንገት። ደጅ በኦሮምኛ ተሰዳድበን ቤት ገብተን በአማርኛ እንካሰሳለን። የኛ ቤት ሰዎች ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ጴንጤዎች። እሑድ ጠዋት ከአጥሩ ወዲህ ለቅዳሴ፣ ከአጥሩ ወዲያ ለመዝሙር ጫማ ይጠረግ ነበር።

አባቴ የሞተው እኔ አራት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ስለዚህ ደረጀ ወንድሜም አባቴም ነበር። አሥረኛ ክፍልን እንደጨረሰ ወደ አንገር ጉቲን፣ ወደ ቆላው፣ ወርዶ እርሻ ላይ ተቀጠረ። በወር አንዴ ሲመጣ ሸሚዙ ናፍጣና የሰሊጥ ገለባ ይሸታል። እንደ ወቅቱ ማንጎ ወይ እሸት በቆሎ በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ይመጣል። እኔን ከመሬት አንስቶ «አንቺ ልጅ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የምትበዪው?» ይለኛል። በዚያ ዓመት መስከረም ግን ወሩ ሳይሞላ መጣ። ባዶ እጁን ነበር። በረንዳው ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያያል፤ የቀረበለት እህል ፊቱ ላይ ይቀዘቅዛል። ስናወራው ይስቃል፣ ዓይኑ ግን አይስቅም። እማዬ «ምነው ልጄ፣ ወንድ ልጅ እንዲህ ይተክዛል?» ትለዋለች። «ድካም ነው እማዬ» ይላታል።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሱዚ እየዘለልን ነበር። አንገት ላይ ደርሻለሁ፤ በሰፈራችን አንገት የደረስን ሁለት ልጆች ብቻ ነን። ደረጀ ከበረንዳው ተነስቶ መጣና «ብርቄ፣ ነይ እስቲ በጉቴ መንገድ በእግራችን ወጣ እንበል። ሸንኮራ እገዛልሻለሁ» አለኝ። «ተራዬ ነው!» አልኩት። «ነይ እንጂ፣ አንድ ነገር ላወራሽ ነው።» ሌሎቹ ልጆች ተሳሳቁ፤ እኔም ተናደድኩ። «ብቻህን ሂድ!» አልኩት፣ ጮክ ብዬ። ራሴን ዳበስ አደረገኝና ሄደ። አንገቱን ዘለልኩ፤ ተጨበጨበልኝ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ በራችን ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር።

ያባቴ ወንድም ጋሽ ሞገስ ጓሮ ወስዶ ከጌሾው ሥር አቆመኝ። አገጬን ይዞ «ስሚ፣ ወንድምሽ ታሞ ነው የሞተ» አለኝ። «ታሞ። ሌላ ነገር ከአፍሽ ቢወጣ ቄሶቹ ፍትሐት አያደርጉለትም። አርባውም አይወጣለት። ሰው ሁሉ የቀባጠረበት ሬሳ ሆኖ ይቀራል። ይኸ ወንፊት ሆድሽ አርባ ቀን ይቻል። ገባሽ?» ገባኝ አልኩ። የገባኝ ግን እሱ ካለው ይበልጣል። ብቻህን ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱም ብቻውን ሄደ። ስለዚህ የምደብቀው ሁለት ነገር ነበር። አንዱን ጋሽ ሞገስ ያውቀዋል፤ ሁለተኛውን ከኔ በቀር የሚያውቀው የለም። በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ አርባ ጭረት አሰመርኩ፤ በየቀኑ አንድ ለማጥፋት።

እኛ ጋ ሰው ተቀብሮ ብቻ አያበቃም፤ ሞቱ መነገር አለበት። ለቅሶኛው ይገባል፣ ያለቅሳል፣ ይቀመጣል፤ ትንሽ ዝም ይባላል። ከዚያ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ምን ሆኖ ነው?» ይላል፤ ኦሮሞው «ማል ታኤ?» ይላል። ከቤተ ዘመድ አንዱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይናገራል፤ መቼ እንዳመመው፣ የት ሐኪም ቤት እንደሄዱ፣ መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ። አዲስ ሰው ሲገባ እንደገና ከሀ ይጀመራል። አሁን ሳስበው ጥሩ ነገር ነው። ሰው መቶ ጊዜ ሲናገረው አፉ ይለምደዋል፣ ልቡም አፉን ይከተላል። እኛ ግን የምንናገረው አልነበረንም።

ያን ሥራ ጋሽ ሞገስ ያዘው። በመጀመሪያው ቀን «ልቡ ነው፤ ድንገት ቀጥ አለች» አለ። አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሃያ ሁለት ዓመቱ? እኔ ሰባ አልፎኝ ልቤ እንደ ወፍጮ ይሠራል» አሉ። የጋሽ ሞገስ ግንባር ላብ አወጣ። «ወባም ነበረበት» አለ። «ከአንገር ይዞት የመጣ።»

እንዴት ያለ ቃል ነው ያገኘው! «ኦ፣ የአንገር ወባ!» አለ ድንኳኑ በሙሉ። አንዱ አጎቱን፣ አንዱ አማቹን የጨረሰበትን ማውራት ጀመረ፤ አንዱማ በሬውን ሳይቀር በአንገር ወባ ሞተብኝ አለ፤ ማንም አልተከራከረውም። ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለም። በሦስተኛው ቀን ወባው የራሱ ታሪክ ነበረው፤ ትኩሳቱ፣ ማንቀጥቀጡ፣ ስንት ብርድ ልብስ እንደደረብንለት። እማዬ ጥጓን ይዛ ትሰማለች። አንድም ብርድ ልብስ አልደረበችለትም። ዓይኗ ደርቆ ነበር። ለቅሶኛው እርስ በርሱ «ጠንካራ ሴት ናት» ይባባላል። ኧረ ምኑን! የሚነገረው ሞት የልጇ አልነበረም፤ በማታውቀው ሰው ሞት እንዴት ትጩህ?

ትምህርት ቤት ስመለስ መምህሯ ሁሉንም አስነስታ አንድ ደቂቃ ዝም አስባለችልኝ። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ከበቡኝ። «ወባ ነው አይደል? ይጋባል እንዴ?» «አይጋባም፤ ትንኝ ነው የሚያመጣው» እላለሁ፤ እንደ ሳይንስ መምህር። ያቺን ቃል በተናገርኩ ቁጥር ምላሴ ላይ የብረት ጣዕም ይመጣል። ሱዚ አምጥተው «ተራሽ ነው» ሲሉኝ ሆዴን አሞኛል ብዬ ሸሸሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ሱዚ ዘልዬ አላውቅም።

ውሸታችን ግን ከሚገባው በላይ ተሳካ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቦርሳቸውን አንግተው መጡ። ከተማ ውስጥ ሰው በወባ ሞተ ከተባለ ቤተሰቡን መመርመር፣ ውኃ ያቆረውን ሁሉ ማየት አለባቸው። ጎረቤቱም «እኛስ?» ብሎ ተሰለፈ። እትዬ ለማለት አዴ የምንላቸው አያንቱ ከአጥሩ ወዲያ ነው የሚኖሩት፤ አንጮቴ የሚባለውን፣ ድንች መሰሉን ሥራ ሥር ቀቅለው የሚሸጡ፣ ድምፃቸው ገበያውን ከዳር እስከ ዳር የሚያዳርስ ትልቅ ሴት ናቸው። ወንበር አውጥተው ሰልፍ ያስይዛሉ። «ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ፣ አትግፊ! የመንግሥት መርፌ ነው፤ ለሁሉም ይደርሳል!»

ተራዬ ደረሰ። በልጅ አእምሮዬ ደም ሁሉን ነገር ያሳያል። ወባ ካልተገኘብን ወባ አልነበረም ይባላል፤ አርባው ይቀራል፤ ወንድሜ ከመቃብሩ ይወጣል። ይባስ ብሎ፣ እዚያች ጠብታ ላይ እኔ ለወንድሜ ያልኩት ቃል ተጽፎ የሚታይ መሰለኝ። ሴትዮዋ ጣቴን ወጋች፤ ጠብታዋን በመመርመሪያዋ ፕላስቲክ ላይ ጠብ አደረገችና አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ አለችን። ጋሽ ሞገስ ግቢውን ይዞራል። እማዬ መሬት መሬት ታያለች። እኔ ትንፋሼን እቆጥራለሁ። «ነፃ ናችሁ» አለች ሴትዮዋ በመጨረሻ፤ «አንዳችሁም የለባችሁም።» ሰፈሩ እልል ለማለት ምንም አልቀረው። እኔ ጓሮ ሮጬ አስመለስኩ።

አዴ አያንቱ ተከትለውኝ መጥተው ነበር። ጀርባዬን እያሹ «ደም ፈርተሽ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ትኩር ብለው አዩኝ። «ኤዬ» አሉ፣ «ደም ነዋ።» ሌላ ምንም አልጨመሩም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በየማለዳው በአጥሩ በኩል ትኩስ አንጮቴ በቅጠል ጠቅልለው ያቀብሉኝ ጀመር።

ወባው ሌላም ሰው አመጣ። ቶሌራ የደረጀ ጓደኛ ነው፤ አንገር ላይ አንድ ክፍል ነበር የሚኖሩት። እናቱ የወባውን ወሬ ስትሰማ «ልጄን ከዚያ በረሃ አውጡልኝ!» ብላ ሰው ላከችበት። ሞቱን የሰማው ያኔ ነው። የሰሊጥ አጨዳውን ጥሎ በሠላሳኛው ቀን ደረሰ፤ እናቱ ቤት እንኳ ሳይገባ በቀጥታ ወደኛ መጣ። ከበሩ ጀምሮ «ወንድሜ! ወንድሜ!» እያለ ደረቱን እየደቃ ገባ። ከዚያ ተቀመጠ። ቤት ውስጥ እማዬ፣ ጋሽ ሞገስ፣ አዴ አያንቱና ሦስት የማኅበር ሴቶች ነበሩ። ዝም ተባለ። ቶሌራ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ማል ታኤ? ምን ሆኖ ነው?»

ጋሽ ሞገስ ጀመረ። ትኩሳቱ፣ ማንቀጥቀጡ፣ ብርድ ልብሱ። «ከአንገር ይዞት የመጣ ወባ» ሲል ቶሌራ ቀና አለ።

«የቱ ወባ?»

«የአንገር ነዋ።»

«ጋሼ፣ አብረን ነው የኖርነው፤ በአንድ አጎበር። ደረጀ ወባ አልነበረበትም። ቡሳ ሚቲ።»

«ከመጣ በኋላ ነው የተነሳበት።»

«አሁን ከአንገር ይዞት የመጣ አላሉም?»

«አንተ ልጅ፣ መንገዱ አድክሞሃል። እጅህን ታጠብና እህል ቅመስ።»

«እህል አልፈልግም። ጓደኛዬ ምን ሆነ?»

ከማኅበር ሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን አጠበቀች። ጋሽ ሞገስ ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ፤ ከዓይኑ ውስጥ «ወንፊት» የሚለው ይነበባል። ደብተሬ ላይ የቀረው አሥር ጭረት ነው። አሥር ቀን ብቻ! ጥርሴን ነከስኩ። ቶሌራ ዓይኑን ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያዞር እኔ ላይ ደረሰ። «ብርቄ» አለኝ፣ እንደሚለምን ሰው። «አንቺ ንገሪኝ።»

«እኔ ነኝ የገደልኩት!» አልኩ።

ከየት እንደወጣ አላውቅም። አንዴ ከወጣ ግን ሁሉም ተከተለ፤ ሱዚው፣ ሸንኮራው፣ «አንድ ነገር ላወራሽ ነው» ያለኝ፣ እኔ የመለስኩለት። «ወባ አይደለም! ብቻህን ሂድ ብዬው ሄዶ ራሱን ነው ያጠፋው!» ጋሽ ሞገስ ክንዴን ለመያዝ ተነሳ። «አርባው ሳይወጣ! አንቺ የተረገምሽ!» አዴ አያንቱ ግን ቀድመው መሃል ገቡ። «ሞገስ፣ ተቀመጥ» አሉ፤ በዚያ በገበያ ድምፃቸው። ጋሽ ሞገስ ተቀመጠ።

አንደኛዋ የማኅበር ሴት አማትባ ወጣች። ሁለተኛዋ ተከተለቻት። ሦስተኛዋ በሩ ጋ ደርሳ ቆመች፤ ተመልሳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ያቺን ሴት እስከ ዛሬ በጸሎቴ አነሳታለሁ።

አዴ አያንቱ ከእማዬ ፊት መሬት ላይ ተቀመጡ። «ሀዳ ደረጀ» አሏት፤ የደረጀ እናት። ከሞተ ወዲህ ሰው ሁሉ «የብርቄ እናት» ይላት ጀምሮ ነበር። «የኔን ሌንሴን ታስታውሻታለሽ?»

«ጨጓራ የገደላትን» አለች እማዬ። ሠላሳ ቀን ሙሉ ከ«እህ» በቀር ድምፅዋን አልሰማሁም ነበር።

«ጨጓራ አልነበረም። እንዳንቺው ደረጀ፣ ራሷን ነው ያጠፋችው።» መዳፋቸውን በመዳፋቸው አሹ። «ዘጠኝ ዓመት ጨጓራ ነው ስል ኖርኩ። ፓስተሩም ጨጓራ ብሎ ጸለየ። ሰው ሁሉ ተልባ ጠጪ፣ ለሌሎቹ ልጆችሽም ተልባ አጠጪ ይለኛል። እኔን የምታመኝ ልጄ፣ እነሱ ተልባ! አንድም ሰው በሌንሴ ሞት አስተዛዝኖኝ አያውቅም። በጨጓራ ነው ያስተዛዘኑኝ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ገና አሁን እንደገባ ለቅሶኛ ጠየቋት። «በይ ንገሪኝ። ምን ሆኖ ነው?»

እማዬም ነገረቻቸው። ከመጀመሪያው ጀምራ። እንቅልፍ እንዳጣ፣ ሱሪው ወገቡ ላይ እንደሰፋ፣ «ደክሞኛል» ሲላት «ማን ያልደከመው አለ?» እንዳለችው፣ ወንድ ልጅ ይተክዛል ወይ ብላ እንደተቆጣችው። «እናቱ ሆኜ ሳላውቅለት! እኔ ነኝ!» አለች፤ ያኔ ጮኸች። ሠላሳ ቀን የዘገየ ጩኸት ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ ሰማው። ቶሌራም ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ክረምት ላይ ደረጀ «ጠዋት መነሳት ለምን አስፈለገ?» ብሎት ቀልድ መስሎት በሳቅ እንዳለፈው ተናገረ። እሱም «እኔ ነኝ» አለ።

አዴ አያንቱ ሦስታችንን ተራ በተራ አዩን። «እንዴ! አንድ ልጅ ስንቴ ነው የሚገደለው? ይቺ እኔ ነኝ ትላለች፣ አንቺ እኔ ነኝ ትያለሽ፣ አንተም! እኔም ሌንሴን ገደልኳት ስል ዘጠኝ ዓመቴ። የሐዘን ቤት ነው ወይስ እስር ቤት?» ቶሌራ በእንባው መሃል ሳቀ፤ ሳቁ ራሱን አስደነገጠው። ከዚያ ወደኔ ዞረው ጉንጬን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ እጃቸው እርጥብ አፈር ይሸታል። «ስሚ ኢንተሎ። ወንድምሽ ታሞ ነበር። ትኩሳት የሌለው፣ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ሕመም። ልጅ ሱዚ ስለዘለለች ሰው አይሞትም። ሕመሙን ሸንኮራ አያድነውም፤ ሐኪም ነበር የሚያስፈልገው፤ ያንን ደግሞ እኛ ትልልቆቹም አላወቅንም።» አላመንኳቸውም። ወዲያው ማን ያምናል? ግን ያ ቃል ከኔ ሌላ ሰው ጆሮ ገብቶ ጣሪያው አልወደቀም። ይህን አይቻለሁ።

የፈራነው አልቀረም። ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ። ሰላምታ የነሱን ነበሩ። አንዲት የክፍሌ ልጅ «እነሱ ቤት ውኃ አትጠጡ፣ መንፈሱ ይጋባል» አለች፤ ፀጉሯን ይዤ ጭቃው ላይ አንከባለልኳት። ዳይሬክተሩ «ወላጅ አምጪ» ሲለኝ አዴ አያንቱ ወላጅ ሆነው መጡ፤ ገና ከበሩ ድምፃቸው ሲሰማ ዳይሬክተሩ ቢሮውን ዘጋ።

ጋሽ ሞገስ የነፍስ አባታችን መምሬ ዘንድ ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ። እኔና እማዬ ውጪ ቆመን ጠበቅን። መምሬ ወጥተው እማዬን አዩዋት። «እንቅልፍ አጥቶ ነበር?» አሉ። «አዎ አባቴ።» «እህልስ?» «አይበላም ነበር።» «እንግዲህ የቀበርኩት የታመመ ሰው ነው» አሉ። «የታመመን ፈጣሪ ነው የሚዳኘው። አርባውን አወጣለታለሁ።» ሁሉም ቄስ እንደዚያ እንደማይል በኋላ አይቻለሁ፤ ለኛ ግን እሳቸው ደረሱልን። በአርባው ከድንኳኑ ሰው ግማሹ እንኳ አልመጣም። ለመጣው ጋሽ ሞገስ ራሱ ተነስቶ ተናገረ፤ ወባ አላለም። «ታሞብን ነበር፤ ሳናውቅለት ሞተብን» አለ። ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሰ።

እማዬ ግን በአንድ ጩኸት አልዳነችም። ከአልጋ የማትነሳባቸው ቀናት ነበሩ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን ከመክፈቴ በፊት ጆሮዬን አስጠግቼ አዳምጣለሁ፤ እሷም ብትሄድስ? ይህን ፍርሃት የሚያውቅ ያውቀዋል። አሁን ግን ለማን እንደምናገር ተምሬ ነበር። ለአዴ አያንቱ ነገርኳቸው። በማግስቱ እማዬን ልብስ አልብሰው ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። «የእብድ ሐኪም ጋ ሊወስዱኝ?» ትላለች እማዬ። «እኔም ልታከም ነው የምሄደው» አሉ አዴ አያንቱ። «ሁለት እብድ ሆነን እንሄዳለን፤ ለወሬውም ይቀለናል።» እዚያ ያለችው ነርስ እኔንም ለብቻዬ አስገብታ ወንድሜ እንዴት ያለ ሰው እንደነበር ጠየቀችኝ። እንዴት እንደሞተ ሳይሆን እንዴት ያለ ሰው እንደነበር የጠየቀኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ሳወራላት አንድ ሰዓት አለፈ።

ከዚያ የዓርቡ ነገር መጣ። ደረጀ የሞተበት ቀን ስለሆነ እማዬ ዓርብን ብቻዋን እንዳታሳልፍ አዴ አያንቱ ጓሯቸው ወስደው የተቀቀለ አንጮቴ ያስልጧታል። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። በዓመቱ ባሏን እንዲሁ ያጣች ሴት ከጉቴ መጣች። ቀጥሎም ከቀጣዩ ቀበሌ ሁለት እህትማማቾች። ቶሌራም ከተማ ሥራ ካገኘ ወዲህ ይመጣል፤ አላላጡ አያምርም፤ ግማሹን ከልጣጩ ጋር ይጥለዋል ብለው ይሰድቡታል። ያ ስብስብ ስም የለውም። «አንጮቴ ልንልጥ» ነው የሚባለው።

አሁን ሃያ አምስት ዓመቴ ነው፤ ታላቄን በሦስት ዓመት በልጬዋለሁ። ዘመኑም ሌላ ሆኗል። ብዙ ለቅሶ ዛሬ በስልክ ያልቃል፤ «ነፍስ ይማር» ይጻፍና እንባ ያለበት ምስል ይለጠፍበታል። ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ምን ሆኖ ነው የሚል ሰው እያነሰ ነው። ያኔ እንደዚያ ያስፈራኝ የነበረ ጥያቄ አሁን ይናፍቀኛል። ስለ ወንድሜ ሲጠይቁኝ ቀጥ አድርጌ እናገራለሁ። አንዳንዱ ደንግጦ ወሬ ይቀይራል። አንዳንዱ ግን ግራ ቀኙን አይቶ «የኔም እህት እኮ…» ይላል። እሱን ዓርብ ይዤው እመጣለሁ። ያቺ የመጨረሻ ቃሌ ጠፍታለች ብዬ አልዋሽም፤ ወንድሜ ያን ቀን ሊያወራኝ የነበረውንም መቼም አላውቀውም። ሳላውቅ መኖር ይቻላል፤ ያንን ነው የተማርኩት።

ያኔ ቤታችን ውስጥ ስሙ አይጠራም ነበር፤ ከስሙ ኋላ ሞቱ ተከትሎ ይገባላ። አሁን እማዬ ስለ ኑሮው ታወራለች። የምትወደው ታሪክ ይሄ ነው። ደረጀ በሰባት ዓመቱ ከጎረቤት ልጆች ጋር፣ ለሚሰጡት ዳቦ ሲል፣ በድብቅ የጴንጤዎቹ የልጆች መዘምራን ውስጥ ገብቶ ነበር። አንድ ቀን መምሬ ጠበል ሊረጩ ቤት መጥተው «በል ልጄ፣ ጸሎት ምን ደርሰሃል?» ሲሉት፣ ተነስቶ እያጨበጨበ በኦሮምኛ መዝሙር ለቀቀባቸው፤ ከነሃሌሉያው። አባቴ የሚገባበት ጠፋው። እማዬ ይህን ስታወራ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች፤ ሴቶቹም ቢላዋቸውን አስቀምጠው ይስቃሉ። እኔ ያኔ ገና አልተወለድኩም፤ ግን ያየሁት ያህል ነው። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ትጨምርበታለች። ድሮ መምሬ ተቆጥተው ወጡ ነበር የምትለው። አምና ዝም አሉ ሆነ። ባለፈው ዓርብ ደግሞ ጠበሉን አስቀምጠው እሳቸውም አብረው አጨበጨቡ አለች። አጨበጨቡ እንዴ? እኔ እንጃ። ትጨምር።